ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት የመዋኛ ገንዳን ደኅንነት መጠበቂያ መመሪያ

በግቢያቸው የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ወይም ለማሠራት ያሰቡ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልጆቹን ከዓይናችን አንለያቸውም፤ ታዲያ ለገንዳው የተለየ አጥር ማሠራት ለምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚሁ ጥያቄ በየጊዜው የምሰጠውን መልስ ከነአሠራሩ በአንድ ቦታ ለማቅረብ ነው።

መልሱ የሚጀምረው አደጋው ከሚደርስበት ሰዓት ነው። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆኑ ልጆች በቤት ገንዳ የሚሰጥሙት በአብዛኛው ቤተሰቡ ተሰብስቦ በሚዋኝበት ሰዓት ሳይሆን ማንም በማይዋኝበት፣ ልጁም ቤት ውስጥ እየተጫወተ ነው ወይም ተኝቷል ተብሎ በሚታመንበት ሰዓት ነው። ወላጅ ስልክ ለማንሳት ወይም የተንኳኳ በር ለመክፈት ዞር ባለበት ጊዜ ልጁ በሌላ በኩል ይወጣል። መስጠምም ብዙዎች እንደሚገምቱት ጩኸትና መንቦጫረቅ ያለበት አይደለም። የሚሰጥም ልጅ አፉ ከውሃ በላይ ብቅ በሚልበት ቅጽበት አየር ለመሳብ ይታገላል እንጂ ለመጣራት ፋታ አያገኝም፤ እጆቹም ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ እንጂ አይውለበለቡም። ይህ ሁሉ ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። አንጎል ኦክስጅን ካጣ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የማይመለስ ጉዳት መድረስ ይጀምራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ልጁ ማንም ሳያየው ውሃው ጋ መድረስ እንዳይችል ማድረግ ነው። የአዋቂ ጥበቃ፣ የዋና ትምህርትና የነፍስ አድን ርዳታ በዚህ ላይ የሚደራረቡ መከላከያዎች ናቸው፤ የሚደራረቡትም እያንዳንዳቸው አንድ ቀን ሊከሽፉ ስለሚችሉ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የሜትር መለኪያ፣ ወረቀትና እርሳስ።
• ገንዳውን በአራቱም ጎን የሚከብብ፣ ቁመቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር የሆነ አጥር፤ የሚቻል ከሆነ 1.5 ሜትር ይመረጣል።
• በራሱ የሚዘጋ በር፣ ማለትም ስፕሪንግ ያለው ማጠፊያና ሲዘጋ በራሱ የሚይዝ መቀርቀሪያ።
• ከቤት ወደ ገንዳው ለሚያስወጡ በሮችና መስኮቶች ከፍ ብሎ የሚገጠም መቀርቀሪያና በር ሲከፈት የሚጮህ ማንቂያ።
• ለገንዳው የተሠራ፣ የአዋቂ ሰው ክብደት መሸከም የሚችል የደኅንነት መሸፈኛ።
• በወለሉ ላይ ላሉ የውሃ መምጠጫ ቀዳዳዎች ጉብ ያለ ክዳን።
• ገመድ የታሰረበት የነፍስ አድን ቀለበትና ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚረዝም፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዘንግ።
• የውሃውን የክሎሪንና የፒኤች (የአሲድነት ልክ) መጠን መመርመሪያ።
• ባትሪው የተሞላ ስልክ፣ እንዲሁም የድንገተኛ ጊዜ ስልክ ቁጥርና የቤቱ አድራሻ በጉልህ የተጻፈበት፣ ውሃ የማያበላሸው ሰሌዳ።

ሁሉንም በአንድ ቀን ማሟላት የማይችሉ ከሆነ አጥሩንና በሩን ያስቀድሙ፤ እስኪሠሩም ድረስ ወደ ገንዳው የሚያስወጣውን በር ሁልጊዜ ይቆልፉ።

ደረጃ 1፦ መንገዶቹን በልጁ ቁመት ይፈልጉ

አጥር ከመግዛትዎ በፊት ከልጁ አልጋ ተነሥተው እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ ይሂዱ፤ በየበሩና በየመስኮቱም ቁጭ ብለው በልጁ ዓይን ትክክል ይመልከቱ። ቁመው ሲያዩት የማይታይዎትን ለውሻ ወይም ለድመት የተተወ ቀዳዳ፣ በሶፋ ጀርባ የሚደረስበትን ዝቅተኛ መስኮት ወይም ግፊት ብቻ የሚፈልገውን የጓሮ በር ያገኛሉ። ያገኙትን ሁሉ በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ይህ እርምጃ የሚጠቅመው ቀጥሎ የሚሠሩት ነገር ሁሉ በግምት ሳይሆን ልጁ በእርግጥ ሊሄድበት በሚችለው መንገድ ላይ እንዲያርፍ ስለሚያደርግ ነው። ልጁ መዳህ ሲጀምር፣ መራመድ ሲጀምርና ወንበር እየገፋ መውጣት ሲጀምር ይህንኑ ጉብኝት ይድገሙት፤ ትናንት የማይደርስበት መቀርቀሪያ ዛሬ ሊደርስበት ይችላልና።

ደረጃ 2፦ ገንዳውን በአራቱም ጎን ያጥሩ

ከሁሉም ደረጃዎች የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። የግቢው አጥር የገንዳ አጥር አይደለም። የግቢው አጥር የጎረቤትን ልጅ ይከለክል ይሆናል፤ የቤቱ ልጅ ግን ከአጥሩ ውስጥ ነው ያለው። እንዲሁም ብዙ ሰዎች ሦስቱን ጎን አጥረው የቤቱን ግድግዳ እንደ አራተኛ ጎን ይቆጥሩታል። በዚያ ግድግዳ ላይ በር ካለ ልጁን ከውሃው የሚለየው እርሱ ብቻ ይሆናል፤ ያንንም በር የቤቱ ሰው በቀን ደጋግሞ ሲወጣና ሲገባ ሳይዘጋው መተዉ አይቀርም። አራተኛው ጎን በቤቱና በገንዳው መካከል መቆም አለበት።

አጥሩን ሲያሠሩ የሚከተሉትን ልኮች ይከታተሉ፤ ሠራተኛውም ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት ራስዎ በሜትር ይለኩ።

ቁመቱ ልጁ ሊቆምበት ከሚችልበት ከውጪ በኩል ሲለካ ከ1.2 ሜትር ማነስ የለበትም። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ወይም ከአጥሩ አጠገብ ደረጃ ወይም መደብ ካለ ልኩ የሚጀምረው ከዚያ ከፍታ ነው። በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም ሆነ ከአጥሩ ግርጌ እስከ መሬቱ ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም፤ ምክንያቱም ትንሽ ልጅ ጭንቅላቱንና ደረቱን ማሳለፍ ከቻለ ቀሪው አካሉ ይከተላል። በግርጌ ያለው መሬት አፈር ከሆነ ዝናብ ሲጠርገው ክፍተቱ ስለሚሰፋ ሲሚንቶ ማፍሰስ ይሻላል።

አግዳሚዎቹ በገንዳው በኩል ይሁኑ። ከውጪ በኩል የሆነ አግዳሚ ለልጅ መሰላል ነው። ጥልፍልፍ ሽቦም በዓይኖቹ የልጅ ጣት ስለሚያስገባ በቀላሉ ያስወጣል፤ ሌላ አማራጭ ካለ ይተዉት። አጥሩ ከወዲያ ማዶ የሚያሳይ ቢሆን ይመረጣል፤ ድፍን ግድግዳ ልጁን ቢከለክልም ውስጥ ያለውን ነገር ከእርስዎም ይሰውራል።

በመጨረሻም ከአጥሩ በውጪ በኩል ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ ልጅ የሚወጣበት ነገር እንዳይኖር ያድርጉ። ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ፣ የፓምፑ ሳጥን፣ ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የተገለበጠ ባልዲ የ1.2 ሜትሩን አጥር ወደ 80 ሴንቲሜትር ሊያወርደው ይችላል። ቀላል የፕላስቲክ ወንበር ልጁ ራሱ እየጎተተ ስለሚያመጣው በግቢው ውስጥ እንዲሁ አይተዉት።

ደረጃ 3፦ በሩን ራሱን እንዲዘጋ አድርገው ይግጠሙ

የአጥር ደካማ ቦታ በሩ ነው። በሩ ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ ከገንዳው ተቃራኒ ወደ ውጪ የሚከፈት መሆን አለበት፤ መቀርቀሪያው ሳይይዝ ቢቀር እንኳ ልጁ ከውጪ ሆኖ ሲገፋው በሩ ይዘጋል እንጂ አይከፈትም። ሁለተኛ፣ ማጠፊያው በስፕሪንግ ኃይል በሩን የሚመልስ፣ መቀርቀሪያውም ማንም ሳይነካው የሚይዝ መሆን አለበት፤ እጁ በዕቃ የተሞላ አዋቂ በሩን መዝጋት ሊረሳ ይችላልና። ሦስተኛ፣ የመቀርቀሪያው መክፈቻ ከመሬት ቢያንስ 1.4 ሜትር፣ ቢቻል 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። አጥርዎ ከዚያ የሚያንስ ከሆነ በቋሚው ላይ ረዘም ብሎ የሚገጠምና ከላይ ወደ ላይ በመሳብ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይፈልጉ።

በሩ ከተገጠመ በኋላ በሦስት መንገድ ይሞክሩት፦ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ይልቀቁት፤ በግማሽ ከፍተው ይልቀቁት፤ ከዚያም መቀርቀሪያው ላይ አሳርፈው በቀስታ ይልቀቁት። በሦስቱም መዝጋትና መያዝ አለበት። ብዙ በሮች የሚወድቁት በሦስተኛው ሙከራ ነው፤ ከሩቅ ሲለቀቁ በግፊት ይዘጋሉ፣ ከቅርብ ሲለቀቁ ግን ለመያዝ አቅም ያጣሉ። ስፕሪንግ ስለሚላላና የበሩ ቋሚ ስለሚያዘነብል ሙከራውን በየወሩ ይድገሙ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሩን በድንጋይ፣ በወንበር ወይም በገመድ ይዞ ክፍት ማቆየት በማንኛውም ምክንያት አይፈቀድም፤ «ለአምስት ደቂቃ ብቻ ዕቃ እስካስገባ» የሚለውም ጭምር።

ደረጃ 4፦ የቤቱን በሮችና መስኮቶች ያጠናክሩ

በደረጃ 1 በመዘገቧቸው መውጫዎች ላይ ከ1.5 ሜትር በላይ መቀርቀሪያ ይግጠሙ፤ አዋቂ ግን እሳት ቢነሣ ያለ ቁልፍ ከውስጥ በፍጥነት ሊከፍተው የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ። በር በተከፈተ ቁጥር የሚጮህ ማንቂያም ይጨምሩ። በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ወይም በጠርዙ ላይ የሚገጠም፣ አንድ ነገር ሲወድቅ የሚጮህ ማንቂያም አለ፤ ይሁን እንጂ ይህኛው የሚናገረው ልጁ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ስለሆነ ለአጥር ምትክ ሊሆን አይችልም። የሚያሰለች ማንቂያ ቶሎ እንደሚጠፋ ያስታውሱ፤ አዋቂዎች ሲያልፉ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ዝም የሚያሰኝ፣ ከልጅ እጅ በላይ የሆነ ቁልፍ ያለው ዓይነት የተሻለ ነው።

ደረጃ 5፦ ትክክለኛውን መሸፈኛ ይምረጡ

መሸፈኛ ሁሉ የደኅንነት መሸፈኛ አይደለም። ውሃውን ለማሞቅ ወይም ቅጠል እንዳይገባበት የሚነጠፈው ስስ ፕላስቲክ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ልጁ ጠንካራ ወለል መስሎት ሲረግጠው አብሮት ይሰምጣል፣ ከላዩም ተመልሶ ይዘጋና ልጁን ከዓይን ይሰውረዋል። የደኅንነት መሸፈኛ የሚባለው ዙሪያውን በጠርዙ ላይ ተወጥሮ የሚታሰር፣ አዋቂ ቢቆምበት የማይሰምጥ ነው። ዝናብ ሲያጠራቅምበት ያፍስሱት፤ ትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥም ሊሰጥም ይችላል። ለመዋኘት ሲከፍቱትም ሙሉ በሙሉ ይንሡት፤ በግማሽ የተነሣ መሸፈኛ ሥር የገባ ልጅ መውጫው ይጠፋዋል።

ደረጃ 6፦ የመምጠጫ ቀዳዳዎችን ይመርምሩ

ፓምፑ ውሃውን ወደ ማጣሪያው የሚስበው በገንዳው ወለል ወይም ግድግዳ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ክዳኑ የተሰበረ ወይም የጠፋ ቀዳዳ የልጅን እጅ፣ ፀጉር፣ የዋና ልብስ ወይም ገላ ስቦ ሊይዝ ይችላል፤ የመሳብ ኃይሉም አዋቂ እንኳ ልጁን ጎትቶ ማላቀቅ እስኪያቅተው ድረስ ብርቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ፦

ገንዳው ከመከፈቱ በፊት በየቀኑ ክዳኖቹ በቦታቸው መሆናቸውን፣ ብሎኖቻቸውም መጥበቃቸውን ይመልከቱ። ጠፍጣፋ ክዳን ካለ ጉብ ባለው ያስቀይሩት፤ ጉብ ያለው ክዳን በአካል ሙሉ በሙሉ ስለማይደፈን ውሃው ሌላ መንገድ ያገኛል። ክዳን የአገልግሎት ዘመን አለው፤ በላዩ ላይ የታተመው ጊዜ ካለፈ ደኅና ቢመስልም ይቀየር። አዲስ ገንዳ የሚያሠሩ ከሆነ አንድ ፓምፕ ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር በተራራቁ ሁለት ቀዳዳዎች እንዲስብ ይጠይቁ፤ አንዱ ቢደፈን መሳቡ ወደ ሌላው ይሄዳል። የፓምፑ ማጥፊያ የት እንዳለ ደግሞ ሞግዚትን ጨምሮ የቤቱ አዋቂ ሁሉ ማወቅ አለበት። ሰው ሲያዝ የመጀመሪያው ሥራ ፓምፑን ማጥፋት ነው። ረጅም ፀጉር ያላቸው ልጆች ፀጉራቸውን አስረው ይግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ክዳን ጠፍቶ ወይም ተሰብሮ ካገኙ ፓምፑን አጥፍተው ገንዳውን ይዝጉ፤ እስኪጠገን ማንም አይግባበት።

ደረጃ 7፦ ውሃውን ጥርት አድርገው፣ ዙሪያውን ባዶ አድርገው ይያዙ

ከጠርዙ ቁመው ሲመለከቱ በጥልቁ ወለል ላይ ያለው የመምጠጫ ክዳን በግልጽ ካልታየዎት ውሃው ለመዋኛ አልደረሰም፤ የሰመጠ ልጅም አይታይዎትም። የክሎሪኑን መጠን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው ውስጥ ይጠብቁ። ኬሚካሎቹን በመጀመሪያ ዕቃቸው እንዳሉ፣ ተቆልፎ አየር በሚገባው ቦታ ያስቀምጡ። ክሎሪንና አሲድ ከተቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣ በአንድ መስፈሪያ አይስፈሩ። ሁልጊዜም ኬሚካሉን ወደ ውሃ ይጨምሩ እንጂ ውሃን ወደ ኬሚካል አይጨምሩ።

ከዋና በኋላ ኳሱን፣ ተንሳፋፊ መጫወቻውንና ባለ ቀለሙን ነገር ሁሉ ከውሃውም ከዙሪያውም ያንሡ። በውሃው ላይ የቀረ መጫወቻ ልጁን ይጠራል፤ እጁን ዘርግቶ ሊይዘው ሲል ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ስለሚከብድ በፊቱ ይወድቃል።

በአየር የሚነፋ ወይም ተገጣጣሚ ትንሽ ገንዳ ከሆነ ያለዎት፣ ልጆቹ እንደወጡ ውሃውን ደፍተው ይገልብጡት። ትልቅ ሆኖ በየቀኑ የማይደፋ ከሆነ መሰላሉን አውጥተው ይቆልፉበት፤ አጥርም እንደማንኛውም ገንዳ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 8፦ ጠባቂ ይሰይሙ

አሁን ልጆቹ ስለሚዋኙበት ሰዓት እንናገር። ብዙ አዋቂዎች በተሰበሰቡበት ግብዣ ላይ ልጅ የሚጠፋው አዋቂ ስላልነበረ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሌላው የሚያይ ስለሚመስለው ነው። ስለዚህ ጥበቃ በስም የሚሰጥ ሥራ መሆን አለበት።

ለአንድ ጊዜ አንድ ሰው ይሰይሙ። ጠባቂው አዋቂ፣ መዋኘት የሚችልና አልኮል ያልቀመሰ መሆን አለበት፤ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ገና ልጅ ከሆኑ ይህን ኃላፊነት አይስጧቸው። ተራው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሁን፤ ውሃ ላይ ያለማቋረጥ ማየት ስለሚያደክም ከዚያ በላይ ሲቆይ ዓይን እያየ ልብ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ጠባቂው በአንገቱ የሚያጠልቀው ካርድ ወይም በእጁ የሚያስረው ነገር ይኑረው፤ ተራው ሲያልቅ ያንን ለተተኪው በእጁ ሰጥቶ «አሁን አንተ ነህ» ወይም «አሁን አንቺ ነሽ» ብሎ፣ የ«እሺ» መልስ ሰምቶ ይሂድ።

ዋና የማይችል ልጅና ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ውሃ ውስጥ ካለ አዋቂ ክንድ ሊርቅ አይገባም። ይህ ማለት ወንበር ላይ ሆኖ መመልከት አይበቃም፤ አዋቂው ውሃው ውስጥ መሆን አለበት። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ትልቅ ቢሆንና ጎበዝ ዋናተኛ ቢሆንም እርሱን ብቻ የሚከታተል አዋቂ ያስፈልገዋል። የጠባቂው ስልክ በኪሱ ሆኖ ለድንገተኛ ጥሪ ብቻ ያገልግል። በር ቢንኳኳ ወይም መሄድ ግድ ቢሆን ልጆቹ ሁሉ ከውሃው ወጥተው፣ በሩ ተዘግቶ አብረው ይሂዱ።

ደረጃ 9፦ ዋና ያስተምሩ፣ ግን አይተማመኑበት

ከ1 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የሚሰጥ የዋና ትምህርት የመስጠምን አደጋ ሊቀንስ ይችላል። ለትንሽ ልጅ የሚያስፈልገው ስልት አምሮ መዋኘት ሳይሆን ሦስት ነገር ነው፦ በጀርባ ተንሳፍፎ መተንፈስ፣ ወደ ጠርዙ ዞሮ መያዝና ያለ ርዳታ መውጣት። ይሁን እንጂ በትምህርት ሰዓት በዋና ልብስ፣ አዘጋጅቶ በሚያስገባው መምህር ፊት የሚችለውን፣ ልብስና ጫማ እንደለበሰ በድንገት ሲወድቅ ላይችለው ይችላል።

በክንድ ላይ የሚነፉ ፊኛዎችና የወገብ ቀለበቶች መጫወቻ ናቸው፤ ይተነፍሳሉ፣ ይሾልካሉ፣ ልጁንም ቀጥ ብሎ መንሳፈፍ የሚቻል እንዲመስለው ያደርጉታል። መንሳፈፊያ የሚያስፈልግ ከሆነ ለልጁ ክብደት የሚሆን፣ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው የነፍስ አድን ጃኬት ያልብሱት። የዋና ልብሱም ደማቅ ብርቱካናማ ወይም የሚያበራ ቢጫ ይሁን፤ ሰማያዊና ነጭ ልብስ ውሃ ውስጥ ከገንዳው ቀለም ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል።

በተደጋጋሚ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

• ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ መኝታ ቤትና ቁም ሣጥን መፈለግ። መጀመሪያ የሚታየው ገንዳው ነው፤ ሌላ ቦታ የተደበቀ ልጅ ደቂቃ ቢቆይ አይጎዳም።
• «ይህ ጥልቅ አይደለም» ብሎ የልጁን ገንዳ ያለ ጠባቂ መተው።
• ልጁን ከዋና በኋላ አድርቆ ማስገባትና ጥበቃው አለቀ ብሎ ማመን። መጫወቻውን ለማምጣት ወይም ደስ ያለውን ነገር ለመድገም የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።
• ትልልቆቹ ልጆች ትንፋሽ ይዞ የመቆየት ውድድር ሲያደርጉ እንደ ጨዋታ ማየት። ደጋግሞ በፍጥነት ተንፍሶ መጥለቅ ምንም ምልክት ሳይሰጥ ውሃ ውስጥ ራስን ሊያስት ስለሚችል ይከልክሉ።
• ወደ ዘመድ ወይም ወደ እንግዳ ማረፊያ ሲሄዱ ገንዳ መኖር አለመኖሩን አለመጠየቅ። ቦርሳ ከመፍታትዎ በፊት ደረጃ 1ን እዚያም ያከናውኑ።

ደረጃ 10፦ ለነፍስ አድን ይዘጋጁ

ቀለበቱና ዘንጉ በአጥሩ ውስጥ፣ ለአዋቂ እጅ ቅርብ ሆነው ይሰቀሉ። የቤቱ አዋቂዎች፣ ሞግዚትም ጭምር፣ ሲፒአር (ደረት በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ነፍስ የማዳን ርዳታ) በተግባር ይሠልጥኑ፤ ሥልጠናውንም በየ2 ዓመቱ ያድሱ። ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ለማስታወሻ እንጂ ለሥልጠናው ምትክ አይደለም።

ሀ. ልጁን ከውሃው አውጥተው በጠንካራ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጀርባው ያስተኙት፤ ሰው ይጥሩ።

ለ. ጠርተውና ነካ አድርገው መልስ ካጡ ከ10 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ መተንፈሱን ይመልከቱ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያቃትት ልጅ እንደማይተነፍስ ይቆጠራል።

ሐ. ሌላ ሰው ካለ የድንገተኛ ርዳታ ይጥራ። ብቻዎን ከሆኑ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገው እየሠሩ ይናገሩ፤ ስልክ በአጠገብዎ ከሌለ መጀመሪያ 2 ደቂቃ ሲፒአር ከሰጡ በኋላ ይሂዱ።

መ. አገጩን ወደ ላይ ያንሡ፤ ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ያዘንብሉ፣ ሕፃን ከሆነ ግን ፊቱ ወደ ላይ ቀጥ እንዳለ ይቆይ። ከዚያ ትንፋሽ በመስጠት ይጀምሩ፤ እንደ ሠለጠኑበት 2 ወይም 5 ጊዜ፣ ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ድረስ ይስጡ። የሰጠመ ልጅ ልብ የሚቆመው ኦክስጅን አጥቶ ስለሆነ ደረት መጫን ብቻ አይበቃም።

ሠ. በደረቱ መካከል፣ በጡቶቹ መስመር ላይ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚደርስ ፍጥነት 30 ጊዜ ይጫኑ፤ የጥልቀቱ ልክ የደረቱ ውፍረት ሲሦ ነው፤ ለሕፃን 4፣ ለልጅ 5 ሴንቲሜትር ገደማ። ከዚያ 2 ትንፋሽ ይስጡ። ልጁ እስኪተነፍስ ወይም ባለሙያ እስኪረከብዎ 30 ለ2 እያሉ ይቀጥሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ውሃውን ለማስወጣት ብለው ሆዱን አይጫኑ፣ በእግሩም ይዘው ዘቅዝቀው አያንጠልጥሉት። ከሳንባው የሚወጣ ውሃ ጥቂት ነው፤ ሆድ መጫን ግን የጨጓራውን ይዘት ወደ ሳንባው ይልከዋል፣ ጊዜም ይበላል። አረፋ ቢወጣ ለመጥረግ አይቁሙ። ካስታወከ ግን በጎኑ አዙረው አፉን ያጽዱና ይቀጥሉ።

ረ. መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ ያስተኙት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቀው ይሸፍኑት፣ ከአጠገቡም አይለዩ። ራሱን ስቶ የነበረ፣ ትንፋሽ የተሰጠው ወይም ከውሃው ከወጣ በኋላ የሚያስለው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ልጅ ደኅና ቢመስልም ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ወደ ሳንባ የገባ ውሃ የሚያስከትለው የመተንፈስ ችግር በቀጣዮቹ ሰዓታት ሊባባስ ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል።

ሰ. ልጁ ወደ ሕክምና በተወሰደበት በዚያው ቀን፣ ቤት የቀረው ሰው ልጁ በየት በኩል እንደገባ ይፈልግ። ያልያዘ መቀርቀሪያ፣ የተጎተተ ወንበር ወይም ክፍት የቀረ መስኮት ያገኛል፤ ያ እስኪስተካከልና በሩ ሦስቱን ሙከራዎች እስኪያልፍ ድረስ ገንዳው ተቆልፎ ይቆይ።